ክሩ የሚፈልገው ትንሽ ነው

የግራ እጄን ጣቶች ጫፍ በአውራ ጣቴ ስዳብሳቸው ይሻክሩኛል። አራቱም። ከአንድ ዓመት በፊት እንዲህ አልነበሩም። ቆዳው ወፈር፣ ጠንከር ብሏል። ሌባ ጣቴ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ቦታ ቀጭን መስመር ሠርቷል። ስብሰባ ላይ ስቀመጥ ወይ ሰው ስጠብቅ ሳላስበው ጣቶቼን እዳብሳለሁ። ደስ ይለኛል። ጊታር መማር የጀመርኩት በ38 ዓመቴ ነው። ያ ሻካራ ቆዳ የጀመርኩትን ነገር እንዳልተውኩት በየቀኑ ይነግረኛል።

ዛሬ የምጽፈው ስለ እልህ ነው። እልህ ብዙ ቦታ ጠቅሞኛል። ትምህርቴን የጨረስኩት በእልህ ነው። ሲጋራ ያቆምኩትም በእልህ ነው። ጊታሩንም ያነሳሁት በዚያው መንፈስ ነበር። ጥርሴን ነክሼ ከያዝኩት ይገራልኛል ብዬ። ጊታር ግን እልህ አይገባውም። ይህን ለመረዳት ወራት ፈጅቶብኛል፤ አሁንም አንዳንድ ቀን ይጠፋብኝና እንደ አዲስ እረዳዋለሁ።

የመጀመሪያው ጊታሬ ከዘመድ የመጣ ነው። ቁም ሳጥን አናት ላይ ለዓመታት የተቀመጠ፣ የብረት ክር ያለው አኩስቲክ ጊታር። ክሮቹ ዝገዋል። "ከፈለግከው ውሰደው፤ እዚህ ቤት የሚነካው ሰው የለም" አለኝ። አቧራውን ጠርጌ፣ ስልኬ ላይ ቱነር የሚባለውን የቅኝት መለኪያ ጭኜ ልቃኘው ተቀመጥኩ።

ቱነሩ ስድስቱን ክሮች በፊደል ይጠራቸዋል። ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ከዚያ እንደገና ኢ። ወፍራሙ ኢ በሰከንድ 82 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ ቀጭኑ ኢ 330 ጊዜ ገደማ። አራት እጥፍ ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ወጣ ይባላል፤ ሁለት ኦክታቭ ቢራራቁም ስማቸው አንድ የሆነው ለዚህ ነው። እኔ ያን ጊዜ ይህን አላውቅም። የምፈልገው ስልኩ "ኢ" እንዲለኝ ብቻ ነው። ቀጭኑን ክር አከረርኩት። ኢን በጥቂቱ አለፍኩት መሰለኝ፤ ስልኩ "ኤፍ" አለኝ። መመለስ ሲገባኝ ጨመርኩ። ድምፁ ቀጠነ፣ ጮኸ። ትንሽ ነው የቀረው ብዬ መዘውሩን አንዴ ስጠመዝዘው ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰና እጄን ገረፈኝ። ወደሚቀጥለው ኢ እያሳደድኩት ነበር ለካ። ሲያከሩት ይበጠሳል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ክር በእጄ ይዤ ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

ክሮቹን በሙሉ በአዲስ ቀየርኩ። የመጀመሪያው ኮርዴ፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ድምፆች ስብስብ፣ ኢ ማይነር ሆነ። ሁለት ጣት ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ አምስተኛውና አራተኛው ክር ላይ፣ ሁለቱም ሁለተኛው ፍሬት ጋ። ክር የሚቆጠረው ከቀጭኑ ጀምሮ ነው፤ ወፍራሙ ስድስተኛ ነው። ፍሬት የሚባሉት አንገቱ ላይ በአግድም የተሰደሩት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። ጣቶቼን አስቀምጬ በቀኝ እጄ አውራ ጣት ከላይ ወደ ታች ስድስቱንም ዳሰስኳቸው።

ድምፁን ከመስማቴ በፊት ሰውነቴ ላይ ተሰማኝ። የጊታሩ ጀርባ ደረቴ ላይ ተርገበገበ። ዕድሜዬን ሙሉ ጊታር ሰምቻለሁ፤ ጊታር የሚጫወተውን ሰው ጎድኑ ላይ እንደሚያናግረው ግን አላውቅም ነበር። ድምፁ እየሳሳ እስኪጠፋ ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ እንደገና። ከዚያ እንደገና። ያን ማታ አንዲት ኮርድ ብቻ ስመታ አንድ ሰዓት አለፈ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሲ ኮርድ ሄድኩ። ሦስት ጣት፣ ሦስት የተለያየ ፍሬት። የቀለበት ጣት አምስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ፣ መሃል ጣት አራተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ፣ ሌባ ጣት ሁለተኛው ክር አንደኛ ፍሬት ላይ። ሥዕሉን ሲያዩት ቀላል ነው። ሲ ላይ ወፍራሙ ክር አይመታም፤ ስመታው ግን ከቀሩት አምስት ክሮች የጠሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አንዱ ዝዝ ይላል። ሌላው እንጨት እንደ ማንኳኳት ያለ ደረቅ ድምፅ ያወጣል። ሌላው ጭራሽ የለም። እኔ ደግሞ መፍትሔውን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። መጫን። በቃ፣ አጥብቄ ተጫንኩ። አንገቱን በአውራ ጣቴና በጣቶቼ መሃል እንደ ጉጠት ይዤ፣ መንጋጋዬን ነክሼ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ።

በሳምንቱ መጨረሻ ሦስት ጣቶቼ ላይ ሐምራዊ መስመር ወጣ። የስልክ ስክሪን መንካት እንኳ ያመኝ ጀመር። ስለ ሕመሙ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረምና። ቆዳ ደጋግሞ ሲጫንና ሲፈተግ የላይኛውን ንጣፉን ያወፍራል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሳምንታት። በአንድ ቀን ሁለት ሰዓት ጣትን ማሠቃየት አያፋጥነውም። እንዲያውም ጣት ውሃ ከቋጠረ ለቀናት ያስቆማል። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ቢሆን ይሻላል። ገላ ታጥቦ ወይ ዕቃ አጥቦ ወዲያው መጫወት ጥሩ አይደለም፤ ውሃ ያለሰለሰውን ቆዳ ክሩ በቀላሉ ይልጠዋል። የግራ እጅ ጥፍርም አጥሮ መቆረጥ አለበት። ጥፍሩ ቀድሞ እንጨቱን ከነካ ጣቱ ክሩን ቀጥ ብሎ መጫን አይችልም። የጣት ጫፍ ሕመም ያልፋል። የእጅ አንጓ ወይም የክንድ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ከመጣ ጊታሩን አስቀምጦ ማረፍ ነው። እኔን ሁለቱም አመሙኝ። ሁለተኛውንም በእልህ ልገፋው ሞከርኩ።

በዚያ ሰሞን ሰበብ መፈለግ ጀምሬ ነበር። ጣቴ አጭር ነው። ዕድሜዬ ሄዷል። አንድ ማታ ስለ ጃዝ ጊታር ተጫዋቹ ጃንጎ ራይንሃርት አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1928፣ ገና 18 ዓመቱ ሳለ፣ የሚኖርበት በጋሪ ላይ የተሠራ ቤት በእሳት ተያያዘ። የግራ እጁ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ክፉኛ ተጎድተው ተኮማተሩ። ከዚያ በኋላ እነዚያን ፈጣን ሶሎዎች የተጫወተው በአብዛኛው በሌባና በመሃል ጣቱ ነው። ከእሱ አልፌ ስለ አሜሪካዊቷ ጊታር ተጫዋች ኤልዛቤት ኮተን አነበብኩ። ጊታር በልጅነቷ ብትጀምርም ለአሥርተ ዓመታት ትታው ኖራለች። 60ኛ ዓመቷ አካባቢ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ፣ እዚያ ቤት የነበረ ጊታር አንስታ እንደገና ጀመረች። ግራኝ ነበረች። የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጣ ትይዛለች፤ ክሮቹን ግን ቦታ አላቀያየረቻቸውም። ስለዚህ ሌላው ሰው በአውራ ጣቱ የሚመታውን ባስ እሷ በጣቶቿ ትመታለች፤ ዜማውን ደግሞ በአውራ ጣቷ። ግራሚ የተባለውን የሙዚቃ ሽልማት ስትሸለም ዕድሜዋ 90 አካባቢ ነበር።

ያን ማታ ሁለቱንም ታሪኮች እንደ እልህ ታሪክ ነው ያነበብኳቸው። "እነሱ ከቻሉ!" ብዬ ጊታሩን አንስቼ ሌላ አንድ ሰዓት ተጫንኩ። በማግስቱ እጄ አልጨበጥ አለኝ። ታሪኮቹን በትክክል ያነበብኳቸው ብዙ ቆይቶ ነው። ሁለቱም እጃቸውን አላስገደዱትም። ያላቸው እጅ ምን እንደሚችል ጠየቁት፤ በሚችለው መንገድም ሄዱ።

ይህን እንዳይ ያደረጉኝ ጎረቤቴ ናቸው። ለብዙ ዓመታት ባንድ ውስጥ ጊታር ተጫውተው አሁን ጡረታ የወጡ ሰው። ጋሼ ነው የምላቸው። ድምፁ በግድግዳው አልፎ ሳይሰማቸው አልቀረም፤ አንድ ቅዳሜ በሩን አንኳኩ። "የምትለማመደውን ልየው" አሉ። ሲ ኮርድን ይዤ አሳየኋቸው። ጊታሩን አላዩም። ያዩት ትከሻዬን ነው። ወደ ጆሮዬ ተጠግቷል።

"ማንን ነው የምትታገለው?" አሉኝ።

ዝም አልኩ።

"ሁሉንም ልቀቀው። አንዱን ጣትህን ብቻ ክሩ ላይ አሳርፍ። እንዳትጫን። አሁን ምታው።"

መታሁት። የታፈነ ድምፅ ወጣ።

"ትንሽ ጨምር፤ ትንሽ ብቻ። ምታው።"

ዝዝ አለ።

"አሁንም ትንሽ።"

ጠራ። እንደ ደወል። ጣቴን አየሁት፤ ምንም ያህል አልተጫንኩም። ጥፍሬ እንኳ አልነጣም። ላለፉት ሳምንታት ስጫን የነበረው ከዚህ ሦስት አራት እጥፍ ይሆናል።

"ክሩ የሚፈልገው ይህችን ታህል ነው" አሉ። "ከዚህ በላይ ያለው ጣትህን ነው የሚያደክመው። እንዲያውም ድምፁን ያጣምመዋል።" እውነታቸውን ነው። ክሩን ከመጠን በላይ ሲጫኑት ይወጠራል፤ ድምፁም ከቅኝቱ ከፍ ይላል። ሲ ኮርዴ ሲጠራ እንኳ ለጆሮ የማይጥመው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ ጣቴን በሁለት ጣቶቻቸው ይዘው ወደ ፍሬቱ አስጠጉት። ፍሬቱ ላይ አይደለም፤ ልክ ከኋላው። እኔ በሁለቱ ፍሬቶች መሃል ነበር የማስቀምጠው። ከፍሬቱ በራቁ ቁጥር ክሩን ብረቱ ላይ ለማሳረፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ይጨምራል። ሁለት ሦስት ሚሊሜትር መጠጋት የሕመሜን ግማሽ ወሰደልኝ። ይህችን ብቻ በመጀመሪያው ቀን ባውቅ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

ሌላም ነገር አዩ። ጊታሩን እንደ ጠመንጃ አነጣጥረው አንገቱን በአንድ ዓይናቸው ተመለከቱና 12ኛው ፍሬት ጋ በክሩና በብረቱ መሃል ያለውን ክፍተት ለኩ። ወፍራሙ ክር ሥር አራት ሚሊሜትር ገደማ። ሙዚቀኞቹ አክሽን የሚሉት ይህን ከፍታ ነው። በደንብ በተስተካከለ አኩስቲክ ጊታር ላይ እዚያ ቦታ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ቢሆን ነው። "ይሄማ ለእኔም ይከብደኛል" አሉ ጋሼ። ስድስት የብረት ክሮች፣ ስስ ከሚባሉት እንኳ ቢሆኑ፣ ሲቃኙ አንገቱን በድምሩ ወደ 70 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይጎትቱታል። ቀንም ሌሊትም። ያልታየ ጊታር ከዓመታት በኋላ ጎበጥ ማለቱ አይገርምም። አንገቱ ውስጥ ይህን ጉተታ የሚመክት የብረት ዘንግ አለ፤ የሚያውቅ ሰው በቁልፍ ያስተካክለዋል። ወደ ጠጋኝ ወሰድኩት። ዘንጉን አስተካከለ፣ ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባትን ነጭ ቁራጭ ከሥሯ ሞረደ፣ ቀጠን ያሉ ክሮች አስገባ። ጊታሩ ሲመለስ ሌላ ጊታር ነበር።

ጀማሪ ሆኖ እጁን የሚወቅስ ሰው ካለ፣ እባክህ፣ እባክሽ፣ መጀመሪያ ጊታሩን አሳዩ። ሰው ሁለት ወር ታግሎ "እኔ ተሰጥኦ የለኝም" ብሎ ይተዋል። ክሩ ግን አንድ ሚሊሜትር ተኩል ከፍ ብሎበት ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ከዚያ ቀን በኋላ ልምምዴ ተለወጠ። በየቀኑ መጀመሪያ የማደርገው ያንን ሙከራ ሆነ። ማሳረፍ፣ መምታት፣ ጥቂት መጨመር፣ ሲጠራ መቆም። ያለ ምንም ዜማ፣ አምስት ደቂቃ። ጆሮዬ መንቃት የጀመረውም በዚሁ ነው። ስጫን አልሰማም ነበርና። መንጋጋውን የነከሰ ሰው ምን ይሰማል?

ጋሼ በሌላ ቀን ስልኩን አስቀምጥ አሉኝ። "በጆሮህ ቃኘው።" ዘዴው ቀላል ነው። ወፍራሙን ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ሲይዙት የሚወጣው ድምፅና ባዶው አምስተኛ ክር አንድ መሆን አለባቸው። ወደ ታችም እንዲሁ እያሉ መሄድ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ይለያል፤ ሦስተኛው ክር አራተኛው ፍሬት ላይ ነው ከባዶው ሁለተኛ ክር ጋር የሚገጥመው። ሁለቱን አንድ ላይ ስመታቸው "ምን ትሰማለህ?" አሉኝ። "ሁለት ድምፅ" አልኩ። "አይደለም፤ ቆይ፣ አትቸኩል። መሃላቸውን ስማ።"

ሰማሁት። ዋው፣ ዋው፣ ዋው የሚል ማዕበል። ሁለት የተቀራረቡ ድምፆች ሲገናኙ አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይሻራሉ። አንዱ ክር በሰከንድ 110 ጊዜ፣ ሌላው 112 ጊዜ ቢርገበገብ ማዕበሉ በሰከንድ ሁለቴ ይመጣል። መዘውሩን በጣም በቀስታ ሳዞረው ማዕበሉ ዘገየ። ዋው... ዋው... ከዚያ ረዘመ፤ ረዘመና ጠፋ። ሁለቱ ክሮች አንድ ሆኑ። ክፍሉ ጸጥ ያለ መሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ዓይነት ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ድምፅ እያለ ጸጥታ።

ቅኝት ላይ ትንሽ አበድኩ። ለሳምንታት። ጂ ኮርድ እስኪጥመኝ የቢን ክር ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ከዚያ ኢ ኮርድን ስመታ ያው ቢ ዝቅ ብሎ ይጎረብጠኛል። ለኢ ሳስተካክለው ጂ ይከፋል። ጆሮዬ የተበላሸ መሰለኝ። ነገሩ ግን ከጊታሩ አሠራር ነው። ፍሬቶቹ ኦክታቩን አሥራ ሁለት እኩል ደረጃ አድርገው እንዲከፍሉት ነው የተሰደሩት። በማስመሪያ ለካሁት። የእኔ ጊታር ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ 650 ሚሊሜትር ነው። 12ኛው ፍሬት ልክ ግማሹ ላይ፣ 325 ላይ ይገኛል። የመጀመሪያው ፍሬት 36 ሚሊሜትር ያህል ይርቃል፤ በ11ኛውና በ12ኛው መሃል ያለው ግን 19 ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፍሬት ከቀረው ርዝመት ወደ አንድ አሥራ ስምንተኛ የሚጠጋ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህ አከፋፈል ሁሉም ኮርድ ይጫወታል። ግን አንዳቸውም ፍጹም ንጹሕ አይሆኑም። ሁሉም ጥቂት ጥቂት ይለቃሉ፣ ሁሉም አብረው እንዲኖሩ።

ይህን ካወቅኩ በኋላ መዘውሩን ማሳደድ ተውኩ። በአንድ በኩል አዘንኩ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ለብዙ ጊዜ ተወጥሮ የቆየ የሆነ ነገር ውስጤ ላላ አለ።

ኮርድ መቀያየር ራሱን የቻለ ትግል ነው። ግን እሱም ያው ነገር ሆኖ አገኘሁት። ኤ ማይነርን እይዛለሁ፣ ይጠራል። ሲን እይዛለሁ፣ ይጠራል። መሃላቸው ያለው ጉዞ ነው ገደል። አንድ ደቂቃ ሰዓት ሞልቼ ስንት ጊዜ እንደምቀያይር ቆጠርኩ። ዘጠኝ። በማግስቱ አሥር። በእልህ ፈጠንኩ፤ ስምንት ሆነ። ጋሼ አዩኝና ከአንዱ ወደ ሌላው ስሄድ ሦስቱንም ጣቶቼን ከክሩ ላይ እንደማነሳ ነገሩኝ። ሁለቱ ኮርዶች ጎን ለጎን ሲታዩ ሌባ ጣትም መሃል ጣትም ቦታቸው አንድ ነው። የሚንቀሳቀሰው የቀለበት ጣት ብቻ ነው፤ ከሦስተኛው ክር ወደ አምስተኛው። ሁለቱን ባሉበት መተው ነበር ያለብኝ። በዚያው ቀን ቁጥሩ 20ን አለፈ።

ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም በደቂቃ 50 ምት ላይ አድርጌ ነው የተማርኩት። በጣም ዝግ ያለ ነው፤ በምት መሃል ትንፋሽ ይወሰዳል። ሲዘገይ ጣት ከመሄዱ በፊት ወዴት እንደሚሄድ ያያል። ደግሞም አንድ ያስተዋልኩት ነገር አለ። ማታ ያልሆነልኝ ነገር ብዙ ጊዜ ጠዋት ይሆንልኛል። ሳልነካው። እጅ የተማረውን በእንቅልፍ ሰዓት እንደሚያደላድል ይታወቃል፤ በራሴ እጅ ላይ ሳየው ግን አሁንም ይደንቀኛል። ማታ "ካልሆነልኝ አልተኛም" የምል ሰው ነበርኩ። አሁን ካልሆነ እተኛለሁ።

ከዚያ ኤፍ መጣ።

ጊታር የሞከረ ሰው ሁሉ ይህን ፊደል ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል። ሌባ ጣት ተጋድሞ ስድስቱንም ክሮች አንደኛው ፍሬት ላይ ይይዛል። መሃል ጣት ሦስተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት አምስተኛውና አራተኛው ክር ላይ፣ ሦስተኛው ፍሬት ጋ። ባሬ ኮርድ ይባላል። አንደኛው ፍሬት ደግሞ ለዚህ ከሁሉም የከፋ ቦታ ነው፤ ክሩ ከአንገቱ ጫፍ አጠገብ ስለሆነ እንቢተኛ ነው። የተማርኩትን ሁሉ ረሳሁ። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ተመለሰ። መንጋጋዬ ተነከሰ። ለአንድ ወር ተኩል በየቀኑ ኤፍን ታገልኩት፤ በየቀኑም ከስድስቱ ሁለት ሦስት ክር ይሞታል። አንድ ቀን ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ዘጋሁት። ሦስት ሳምንት አልከፈትኩትም።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ስለ ኤፍ አላሰብኩም። የናፈቀኝ ያ የመጀመሪያው ማታ ነበር። ኢ ማይነር ደረቴ ላይ ሲርገበገብ። አንድ እሑድ ሳጥኑን ከፈትኩና ያንን ብቻ መታሁ። ክሮቹ ትንሽ ላልተው ነበር። ቃኘኋቸው፤ ማዕበሉ እስኪጠፋ ጠበቅኩ። ከዚያ ኤፍን እንደ ጠላት ከማየት ይልቅ አንድ በአንድ ላየው ወሰንኩ። ሌባ ጣቴን ብቻ አጋደምኩ፤ እያንዳንዱን ክር ለየብቻው ነካሁ።

ያየሁትን ለማመን ደቂቃ ወሰደብኝ። ሌባ ጣት ስድስቱንም ክሮች መጫን የለበትም። አምስተኛው፣ አራተኛውና ሦስተኛው ክር በሌሎቹ ጣቶች ተይዘዋል፤ እነሱ ላይ ሌባ ጣት ምንም ያህል ቢላላ ድምፁ አይነካም። ከሌባ ጣት የሚጠበቀው ወፍራሙን ክርና ሁለቱን ቀጫጭን ክሮች መያዝ ብቻ ነው። ሦስት ክር። እኔ ለአንድ ወር ተኩል ማንም ያልጠየቀኝን ሥራ ስሠራ ነበር።

ጣቱን ትንሽ ወደ ጎን አዞርኩት። የውስጠኛው ገጽ ሥጋ ነው፤ መገጣጠሚያው ጋ ያለው ጎድጓዳ ክሩን ይውጠዋል። ጎኑ ግን አጥንት ይበዛዋል። ከዚያ አውራ ጣቴን ከአንገቱ ጀርባ ጭራሽ አነሳሁት፤ የክንዴ ክብደት ብቻ አንገቱን ወደ ኋላ እንዲስበው ተውኩ። መታሁ። አራት ክር ጠራ። ኮርዱን እንዳለ ይዤ ወደ አምስተኛው ፍሬት ወጣሁ፤ እዚያ ክሩ ለስላሳ ነው። ስድስቱም ጠሩ። ከዚያ በየቀኑ አንድ ፍሬት ወደ ታች። አራተኛ። ሦስተኛ። ሁለተኛ ላይ አራት ቀን ቆየሁ። አንደኛ ላይ ስደርስ አንዳንዴ ይጠራል፣ አንዳንዴ አይጠራም። ሳይጠራ ሲቀር ማላላት የመጀመሪያው ሙከራዬ ሆነ። አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው የሚሠራው።

ባለፈው ወር ጋሼ ጊታራቸውን ይዘው መጡ። ክሩ ናይለን የሆነ አሮጌ ክላሲካል ጊታር፤ ፊቱ እጃቸው በሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ተልጧል። "ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ሲ፣ ጂ። በዝግታ። አትቁም፤ ቢበላሽም ቀኝ እጅህ እንዳይቆም" አሉኝ። ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ዙር ብቻዬን ሄድኩ። በሁለተኛው ዙር ገቡ። አንዲት ቀጭን ዜማ፣ ከእኔ ኮርዶች በላይ፣ ቸኩላ የማታውቅ።

ዜማው ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ፈለግኩ። እሳቸው አንድ ድምፅ ላይ ሲቆዩ እኔም ቀኝ እጄን ቀለል አደረግኩ። ሲወጡ ጠንከር አልኩ። የራሴን እጅ ማየት አቆምኩ። የእሳቸውን ጣቶች ነበር የማየው። ያረጁ፣ በመገጣጠሚያቸው ያበጡ ጣቶች ናቸው፤ ክሩን ከመንካታቸው መንካታቸው አይታወቅም።

ስንት ዙር እንደሄድን እንጃ። በአንደኛው ዙር ሲ ላይ ደርሼ የቀለበት ጣቴ አምስተኛው ክር ላይ ሲያርፍ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ኤፍ አልፏል። መቼ እንደያዝኩት አላስታውስም። ቀና ብዬ ጋሼን አየሁ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ዜማውን ወደ ጂ እየወሰዱት ነው። ተከተልኳቸው።